ቁልፉ ተለቅቆ ሳለ ፕሮግራሙ «ተጭኗል» ሲል

ከዚህ በታች ያለው በዊንዶውስ ላይ ለሚሠሩ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሲሆን ኪቦርዱ ጤነኛ መሆኑ አስቀድሞ እንደተረጋገጠ ይታሰባል።

ምልክቱ፦ ተጠቃሚው ኮንትሮልን ሳይነካ የሰንጠረዡ ረድፎች በተራ ክሊክ ተደራርበው ይመረጣሉ። ችግሩ በሺፍት ላይ ሲሆን ደግሞ፣ «ተ»ን ከ«ጠ» በሺፍት ብቻ በሚለዩ የአማርኛ መጻፊያዎች «ተ» ሁሉ «ጠ» ሆኖ ይወጣል። ቁልፉን አንድ ጊዜ ነክቶ መልቀቅ ነገሩን ካስተካከለው ጥፋቱ የኮዱ ነው።

መንስኤው፦ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ነው። ኮዱን የጻፈው ሰው ቁልፉ ሲጫን «እውነት»፣ ሲለቀቅ «ሐሰት» የሚሆን ቫሪያብል (ዋጋ መያዣ) አበጅቶ በእርሱ ይታመናል። የቁልፍ መልእክት የሚደርሰው ፎከስ ላለው፣ ማለትም በዚያ ቅጽበት የኪቦርዱን ጽሑፍ ለሚቀበለው መስኮት ስለሆነ ግን፣ በመካከሉ ሌላ መስኮት ከተከፈተ፣ በአልትና ታብ ወደ ሌላ ፕሮግራም ከተሻገሩ ወይም ስክሪኑ ከተቆለፈ፣ ቁልፉ መለቀቁን ፕሮግራሙ አይሰማም። በአንድ የሽያጭ ፕሮግራም ላይ ገንዘብ ተቀባይዋ ኮንትሮልንና «ፒ»ን ተጭና የሕትመት መስኮቱ ሲከፈት ጣቷን ታነሣለች፤ ተመልሳ የዕቃ ስም ልትጽፍ «ዲ»ን ስትነካ ፕሮግራሙ ኮንትሮል አሁንም እንደተጫነ ስለሚያስብ የመሰረዣ አቋራጭ አድርጎ ይወስደውና ረድፉ ይሰረዛል። ባለቤቱ ኪቦርድ ሲቀያይርና ሠራተኛዋን ሲቆጣ ከረመ፤ ፕሮግራሙን የሸጠለት ሰው ግን «አጥፍተህ አብራው» ከማለት በቀር ኮዱን ከፍቶ አላየም።

መፍትሔው፦ ቫሪያብሉን ይሰርዙትና ክሊኩ ወይም ፊደሉ በደረሰበት ቅጽበት የቁልፉን ሁኔታ ዊንዶውስን «ጌትኪስቴት» (GetKeyState) በተባለው ፈንክሽን ይጠይቁ። የሚመለሰው ቁጥር ባለ 16 ቢት ሲሆን መጫኑን የሚናገረው የላይኛው ቢት ብቻ ነው፤ የታችኛው ቢት በየመጫኑ ስለሚገለባበጥ «ዜሮ ካልሆነ ተጭኗል» ብሎ መፈተሽ ሌላ ችግር መጥራት ነው። «ጌትኤሲንክኪስቴት» (GetAsyncKeyState) የተባለውን በምትኩ አይጠቀሙ፤ እርሱ የሚነግረው የአሁኑን ሁኔታ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ዘግይቶ መልእክቱን ሲያነብ ፈጣን ጸሐፊ ቁልፉን ለቅቆ ይገኛል። ቫሪያብሉ የግድ ካስፈለገ፣ ፎከስ በጠፋ ቁጥር ወደ «ሐሰት» ይመልሱት።

አልት ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ፣ መልእክቱ በተራው የቁልፍ መልእክት ሳይሆን «ሲስኪዳውን» (WM_SYSKEYDOWN) በተባለው ሌላ መልእክት ስለሚመጣ ነው። በጀርመን ኪቦርድ «አት» (@) ምልክት ሲጻፍ አቋራጭ ትእዛዝ ከተነሣ፣ ምልክቱ የሚጻፍበት የቀኝ አልት ቁልፍ፣ አልትጂአር (AltGr)፣ እንደ ኮንትሮልና አልት ስለሚቆጠር ነው፤ ሁለቱን ከፊደል ጋር አያጣምሩ። ሺፍት 5 ጊዜ ተከታትሎ ሲነካ የሚመጣው «ስቲኪ ኪስ» (ቁልፎችን አንድ በአንድ እንዲጫኑ የሚያስችል አማራጭ) ጥያቄ የዊንዶውስ እንጂ የእርስዎ ኮድ አይደለም።