ወንድሞቻችንን ወደ ነርሲንግ ስንጋብዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ለስንቱ የአገሬ ወንድ ልጅ "ና፣ ነርሲንግ ተማር" እንዳልኩ ቁጥሩን አላስታውስም። ዛሬ አርኤን፣ ማለትም ፈቃድ ያላቸው ነርሶች፣ የሆኑ አሉ። ጀምረው የተዉም አሉ። የተዉት ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ያበላሸነው እኛ ነን፤ ጋባዦቹ፣ ቤተሰቦቹ፣ ቀድመን የገባነው።

አንዱ ስህተት ገንዘቡን ማስቀደም ነው። ኡበር ሲነዳ ለዋለ ሰው "በሰዓት ይህን ያህል ይከፈላል" ማለት ይቀላል፤ እውነትም ነው። ግን አናቶሚ (የሰውነት አካላት ትምህርት) ላይ አፍጥጦ እንዲያመሽ የሚያደርገው ክፍያው ብቻ አይደለም። ሥራውን ንገሩት። እኔ አሁን የምነግራቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበሩ አንድ አዛውንት ነው። የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረግኩ፣ ኦክስጅኑን አስተካከልኩ፣ ሐኪሙን አስጠራሁ፤ እስኪመጣ እጃቸውን ይዤ ቀስ ብለው እንዲተነፍሱ አብሬያቸው ተነፈስኩ። የከንፈራቸው ቀለም ሲመለስ አየሁ። ይህን ሰምቶ ዓይኑ የበራ ሰው ይዘልቃል።

የሙያውን ስም መደበቅ ላይ ግን ትዕግሥት የለኝም። በአንድ የምርቃት ግብዣ ላይ እናትየው እንግዶቹን እየዞሩ "ልጄ ሆስፒታል ነው የሚሠራው" ይላሉ። አንዱ "ዶክተር ነው?" ሲላቸው "እንግዲህ እዚያው ነው" ብለው አለፉት። ልጁ ሳህኑን ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። በገዛ ምርቃቱ ላይ "ነርስ" የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው የለም! ስንት ሌሊት ያልተኛበትን ነገር ስሙን ካልጠራንለት ምኑን ነው ያስመረቅነው? ይህ ልጅ ነገ ለታናሽ ወንድሙ "አንተም ተማር" ይላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

እኔም ይህንኑ አድርጌያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አገር ቤት ስደውል "ሆስፒታል ነኝ" እያልኩ አለፍኩ። በመጨረሻ ለአባቴ ስነግረው "ታዲያ እኔን በልጅነቴ ከወባ ያዳነኝ ድሬሰር ወንድ አልነበረም እንዴ?" አለኝ። እውነቱን ነው። አገር ቤት ወንድ ነርስ ብርቅ አይደለም፤ ወንድ አዋላጅም ሞልቷል። እዚህ ስንመጣ ነው የሴት ሥራ ነው ብለን ማፈር የጀመርነው።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ብዙ ታግለውበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1955 ድረስ የጦር ሠራዊቱ የነርሶች ክፍል ወንድ አይቀበልም ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ ነርስ የነበረው ጆ ሆጋን ዲግሪውን ለመያዝ ሲያመለክት፣ በሚኖርበት ከተማ ያለው የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ወንድ በመሆኑ ከለከለው። ተከራከረ፤ በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ፈረደለት። በ1970 ከመቶ አርኤን ሦስት ወንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2011 ወደ አሥር ተጠጋ። አሁን አሥራ ሁለት አካባቢ ነው። ሰው ተሟግቶ ያስከፈተውን በር እኛ በይሉኝታ አንዝጋው።

"ለጊዜው ነው፣ በኋላ ሌላ ትማራለህ" አትበሉት፤ ገና ሳይገባ መውጫውን እያሳያችሁት ነው።

አብራችሁ የምትሠሩ ደግሞ ወንዱን ነርስ ማንሻ አታድርጉት። ከባድ ታካሚ በተገላበጠ ቁጥር እሱ፣ የሚቆጣ ታካሚ ሲመጣ እሱ። የራሱ ታካሚዎች መድኃኒት ይዘገይባቸዋል፤ ወገቡም የሰው ወገብ ነው። ማንሻ ማሽን አለ፣ እሱን አምጡ።

ሴት ታካሚን ስለ መንከባከብ አስቀድሞ አለመንገርም ብዙዎችን አስደንግጧል። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) አንዲት አሮጊት ሲያጥብ እጁ እየተንቀጠቀጠ አየሁት። በእረፍት ሰዓት አሳየሁት። መጋረጃው ጋ ቆመህ ስምህንና ማን እንደሆንክ ተናገር። ልታደርግ ያሰብከውን ንገራቸውና ፈቃዳቸውን ጠይቅ። ፎጣውን ከላይ አልብሰህ የምታጥበውን ቦታ ብቻ ግለጥ፣ አድርቀህ መልሰህ ሸፍን። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ለማስገባት ሴት ባልደረባ አብራህ ትቁም። "ወንድ አልፈልግም" ካሉህ አትቀየም፣ ሰው ተካ። በሳምንቱ እጁ ጸጥ ብሎ ነበር።

ቤተሰብ፦ እየተማረ ያለ ሰው ቅዳሜና እሑድ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ ሁሉ ይድረስ አትበሉ። የኤንክሌክስ፣ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን፣ ቀኑንም ለእድርተኛው ሁሉ አትንገሩበት። ፈተናው ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ነው፤ "አለፍክ ወይ?" የሚል መቶ ስልክ አይጨመርበት።

ፈቃዱን ሲያገኝ ደግሞ የሁላችንም ስልክ ጸጥ ይላል። ሥራው ያለቀ ይመስለናል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ከትምህርቱ ይከብዳሉ። መጀመሪያ ታካሚ የሞተብኝ ሌሊት፣ ጠዋት ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ሞተር ሳላስነሳ ቁጭ አልኩ። አንዲት የአገሬ ልጅ፣ ከኔ በፊት የገባች ሲስተር፣ ደወለችልኝ። "ቁርስ በልተሃል?" ነው ያለችኝ። ዛሬ እኔም አዲስ የገባ ወንድሜ ከሌሊት ሺፍት ሲወጣ እደውላለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።