አሮጌ ግሪን ካርድና የመኖሪያ ማህተም፦ ጎንደር ሳሉ የሚፈቱ ችግሮች

በደርግ ዘመን በመተማ በኩል ሱዳን ገብተው፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና እንግሊዝ የተሻገሩ የጎንደር ሰዎች ዛሬ አያት ሆነዋል። ለጥምቀት ወይም ለለቅሶ ሲመጡ የሚይዙት ወረቀት ብዙ ጊዜ ያኔ የተሰጣቸው ነው። ከአዘዞ ወደ አዲስ አበባ ያለው በረራ የአገር ውስጥ ስለሆነ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ችግሩ የሚወጣው ቦሌ ላይ፣ ሻንጣ ከተመዘነ በኋላ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ጎንደር ሳሉ፣ ቢያንስ ከበረራው ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ይዩት።

ካርዱ ጊዜው ስላለፈ የመኖር መብቱ አብሮ አያልፍም። መብቱን የሚጎዳው ርቆ መቆየት ነው፤ ለአሜሪካ ከ1 ዓመት፣ ለእንግሊዝ በተከታታይ ከ2 ዓመት በላይ።

ችግር፦ ግሪን ካርዱ ላይ የሚያበቃበት ቀን የለም
ትኬት ቆራጩ ካርዱን ገልብጦ ገልብጦ ቀኑን ያጣዋል፤ ፎቶው ደግሞ የጎረምሳ ነው። ምክንያቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ ነሐሴ 1989 የተሰጡ፣ አይ-551 የሚባሉ ግሪን ካርዶች ማብቂያ ቀን ሳይጻፍባቸው መውጣታቸው ነው። ካርዱ ዛሬም ይሠራል። ሠራተኛው ካመነታ ኃላፊውን ያስጠሩ፤ አየር መንገዶች ከአሜሪካ ድንበር ጥበቃ ጋር በስልክ የሚያጣሩበት መንገድ አላቸው። አሜሪካ ሲመለሱ ግን ካርድ መቀየሪያ በሆነው ቅጽ፣ በአይ-90 ይቀይሩት። ከዚህም የቀደመው አይ-151 ካርድ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 20 ቀን 1996 ጀምሮ ማስረጃነቱ ቀርቷል፤ እሱን ብቻ ይዞ ቦሌ መሄድ አያዋጣም።

ችግር፦ የ10 ዓመቱ ካርድ ጊዜው አልፏል
እዚህ ላይ ሰው በከንቱ ይደነግጣል። የ10 ዓመት ካርድ የነበረው ሰው ከአሜሪካ ከወጣ 1 ዓመት ካልሞላው፣ የአሜሪካ ድንበር ጥበቃ ለአየር መንገዶች ያወጣው መመሪያ ያለ ተጨማሪ ወረቀት እንዲሳፈር ይፈቅዳል። መመሪያውን ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ አትመው ይያዙ። የ2 ዓመቱ ሁኔታዊ ካርድ ግን በዚህ አይካተትም። አይ-90 ሳይወጡ አስገብተው ከሆነ፣ የማመልከቻው ደረሰኝ ካርዱን ለ36 ወር ያራዝመዋል፤ ዋናውን ደረሰኝ ከካርዱ ጋር ያቅርቡ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በወጣው ታሪፍ ክፍያው በኢንተርኔት 415፣ በወረቀት 465 ዶላር ነው። አሻራ የሚሰጠው አሜሪካ ስለሆነ ለዚህ ጎንደር ሆኖ መቸኮል ጥቅም የለውም።

ችግር፦ ካርዱ ጠፋ
መፍትሄው አይ-131ኤ የተባለው፣ ለመሳፈር የሚያስችል ሰነድ የሚጠየቅበት ቅጽ ነው። ክፍያውን በኢንተርኔት ፈጽመው፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ራስዎ ይቀርባሉ። የካርዱ ቅጂ፣ ፓስፖርትና ከአሜሪካ የወጡበትን ቀን የሚያሳይ ትኬት ያስፈልጋል፤ የፖሊስ ማስረጃም ያግዛል።

ከ1 ዓመት በላይ ከቆዩና ቀድመው ያወጡት የመመለሻ ፈቃድ ከሌለ መንገዱ ሌላ ነው፦ ዲኤስ-117 በተባለው ቅጽ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ መጠየቅ፣ የቆዩትም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት እንደነበር ማስረዳት። ብዙ ሰው የሚወድቀው በቀን ነው። የሐኪም ማስረጃው «2016 ዓ.ም.» ሲል፣ ቆንስላው እንደ ፈረንጅ 2016 ያነበዋል፤ ሰውየው ለዓመታት ያልተመለሰ ይመስላል። ተርጓሚው እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ችግር፦ የእንግሊዝ ማህተም በአሮጌ ፓስፖርት ላይ ነው
አሮጌውን ፓስፖርት አይጣሉ፣ ማህተሙ ያለበትንም ገጽ አይቁረጡ፤ ከአዲሱ ጋር አብሮ ይቀርባል። ዘላቂ መፍትሄው እንግሊዝ ሲመለሱ የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜ ገደብ የሌለው መሆኑን የሚያረጋግጠውን ማመልከቻ በኢንተርኔት አስገብቶ ኢ-ቪዛ (በኢንተርኔት የሚታይ የመኖሪያ ማስረጃ) ማግኘት ነው። ክፍያ የለውም፤ የሚቀርበው ግን እዚያው ሆኖ ነው። የፕላስቲክ የመኖሪያ ካርዶቹ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2024 አብቅተዋል። ኢ-ቪዛ እያለዎት አየር መንገዱ «አይታይም» ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኢ-ቪዛ አካውንቱ ላይ ያለው የድሮው ፓስፖርት ቁጥር ነው፤ ይህን ከጎንደርም በስልክዎ ማስተካከል ይቻላል። ከእ.ኤ.አ. 1988 ማብቂያ በፊት ገብተው የሰፈሩና ማስረጃ የሌላቸው፣ የየትም አገር ተወላጅ ቢሆኑ፣ በዊንድረሽ መርሐ ግብር በነጻ ማመልከት ይችላሉ።

ችግር፦ ከካናዳ የያዙት አሮጌው የመግቢያ ወረቀት ብቻ ነው
እ.ኤ.አ. ከ2002 በፊት የሚሰጠው አይኤምኤም 1000 ለአውሮፕላን አያሳፍርም፤ የነዋሪነት ካርድ ወይም የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋል። ካርዱ የሚጠየቀው ካናዳ ሆኖ ነው። እዚህ ሆነው የጉዞ ሰነዱን በ50 የካናዳ ዶላር በኢንተርኔት ይጠይቁ፤ በ5 ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መቆየትዎን ያሳዩ።

ችግር፦ ስሙ ወይም የልደት ቀኑ አይገጥምም
የሱዳን መጠለያ መዝጋቢ የሰማውን ፊደል ጽፏል፤ ቀን ለማያውቅም ጃንዋሪ 1 ሰጥቷል። ኃይለ ማርያም አንዱ ወረቀት ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት ስም ይሆናል። ፓስፖርት ሲያሳድሱ እውነተኛውን የልደት ቀን ላስገባ አይበሉ፤ ከካርዱ ጋር መለያየቱ ነው የሚያስቆመው። ስህተቱ የራሱ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ማስረጃ ካያያዙ አይ-90 ያለ ክፍያ ይስተናገዳል። እስከዚያው ትኬቱን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይቀየር ያስቆርጡ።