ዶቭረፊየል ላይ ሞስኩስን በሰላም አይቶ ለመመለስ

ዶቭረፊየል ኖርዌይ ውስጥ በኦስሎና በትሮንድሄይም ከተሞች መካከል ያለ ተራራማ አካባቢ ነው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው በአብዛኛው ሞስኩስን ሊያይ ነው። ሞስኩስ ጸጉሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚወርድ፣ ሲያዩት በሬ የሚመስል፣ በዘሩ ግን ከፍየልና ከበግ ወገን የሆነ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ከግሪንላንድ መጥተው የተለቀቁት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አለቁ፤ ዛሬ ያሉት ከ1947 እስከ 1953 የመጡት ዝርያ ናቸው።

መጀመሪያ ወቅት ምረጡ። ለእግረኛ የሚመቸው ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ነው። በበጋም ቢሆን ተራራው ላይ ብርዱና ዝናቡ ድንገት ይመጣልና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ ሻይ በፔርሙዝ ያዙ። ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ግን ከሁሉም ይበልጣል። ያለ እሱ ባትሄዱ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ ወደታች ስትደርሱ ይገባችኋል።

ባቡሩ ሂየርኪንና ኮንግስቮል ጣቢያዎች ላይ ያወርዳል። ሁሉም ባቡር ስለማይቆም ሰሌዳውን አስቀድማችሁ እዩ። በመኪና ከሆነ በኢ6 መንገድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አስጎብኚ ቢይዝ ገንዘቡ አይቆጨውም፤ መንጋው የት እንደዋለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ብቻዬን እሄዳለሁ ያለ ደግሞ ምልክት የተደረገበትን የእግር መንገድ አይልቀቅ።

አሁን ፍለጋው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁጭ ብላችሁ ሸለቆውን ቀስ አድርጋችሁ ቃኙ። መጀመሪያ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ብቻ ይሆናል፤ ትንሽ ቆይቶ ከድንጋዮቹ አንዱ ይራመዳል። በሞቃት ቀን ያልቀለጠ በረዶ ላይ ተኝተው ራሳቸውን ያቀዘቅዛሉና እዚያም ፈልጉ። ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ለስላሳ ሱፍ ካያችሁም በዚያ አልፈዋል ማለት ነው።

ስታገኙት 200 ሜትር ራቁ። ትንሹ ርቀት ይኸው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንስሳው ስለማይሸሽ የለመደ ስለሚመስለው ነው። ሞስኩስ ተኩላ ሲመጣበትም አይሮጥም፤ ጥጃዎቹን መሃል አድርጎ ተኮልኩሎ ይቆማል። ዝም ብሎ ሲያያችሁ ታዲያ እየለካችሁ ሊሆን ይችላል። ማንኮራፋት፣ መሬት መጫር፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ በፊት እግሩ ማሸት ከጀመረ ማስጠንቀቂያ ነው። ፊታችሁን ወደ እሱ እንዳደረጋችሁ በዝግታ ወደኋላ አፈግፍጉ። ወንዱ እስከ 400 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፣ በሰዓትም 60 ኪሎሜትር ያህል ይሮጣል፤ በ1964 እዚያው አካባቢ ሰው ገድሏል። መንገድ ላይ ከቆመባችሁ በሰፊው ዙሩ፤ እስኪነሳ ቆሞ መጠበቅም ያው ዘዴ ነው። ለፎቶ ብሎ የሚጠጋ ጓደኛ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ጃኬቱን ያዙት።

የዱር አጋዘኑ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ሰው ገና ከሩቅ ሲያይ ይበረግጋል። ስለዚህ ካያችሁት ባላችሁበት ቁጭ ብላችሁ አሳልፉት። ድሮን በብሔራዊ ፓርኩ ክልክል ነው። ውሻም ከኤፕሪል 1 እስከ ኦገስት 20 ባለው ጊዜ ሳይታሰር አይለቀቅም።

ቀኑን ሙሉ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ወደ ሂየርኪን ተመለሱ። ከመኪና ማቆሚያው አንድ ኪሎሜትር ተኩል ብትወጡ የመስታወት ግድግዳ ያለው መመልከቻ ቤት አለ፤ በውስጡ ምድጃ አለው፣ በበጋ ወራት ክፍት ነው፣ መግቢያም አያስከፍልም። ከፊት ለፊቱ 2,286 ሜትር ከፍታ ያለው የስንዮሄታ ተራራ ይታያል። ባይኖኩላራችሁን እዚያም አታስቀምጡ፤ ከታች ባለው ሜዳ አንዳንዴ መንጋ ያልፋል።