ሙቀቱ በላይ ይውጣ ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሙቅ አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ግን ዕውቀቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ጣሪያው ሥር ቀዳዳ ይተዋል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ቤቱ ግን ከሰዓት በኋላ እንደ ድሮው ይፋጃል። የት የት እንደምንስት እንይ።

መውጫ ሠርቶ መግቢያ መርሳት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ይሄ ካልተስተካከለ የሌላው መስተካከል ብዙም ዋጋ የለውም። አየር ከቤት የሚወጣው በምትኩ ሌላ አየር ሲገባ ነው። ሙቁን አየር ወደ ላይ የሚገፋውም ከታች የሚገባው ቀዝቀዝ፣ ከበድ ያለ አየር ነው። በሩና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ከላይ አንዲት ቀዳዳ ብትከፈት፣ በዚያችው ቀዳዳ ትንሽ ይወጣል፣ ትንሽ ይገባል፣ በቃ።

ማየት የሚፈልግ አንድ ሰንደል ይበቃዋል። ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝና ነፋሱ ሲረጋ የሳሎኑን በር ገርበብ አድርጉ። ሰንደሉን ለኩሱና ወለሉ አጠገብ ያዙት። ጭሱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አንሡት። መሃል አካባቢ ጭሱ ግራ ይገባዋል፤ ወዲህም ወዲያም አይልም። ጉበኑ ሥር ስታደርሱት ግን ወደ ውጭ ይሳባል። እዚያ ግራ የገባው ቦታ ላይ ድንበሩ አለ። ከሱ በታች አየር ይገባል፣ ከሱ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት መስኮት ከፍቶ ሁለቱንም እኩል ከፍታ ላይ ማድረግ ለዚህ ሥራ ብዙም አይጠቅም። አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ይበል። የታችኛው ቢያንስ የላይኛውን ያህል ይስፋ፤ ፍሰቱን የሚይዘው ጠባቡ ነውና።

ኮርኒሱን መዘንጋት

አናጢው ከቆርቆሮው ጫፍ ጥሩ መተንፈሻ ያወጣል። ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ግን ከሥር ኮርኒሱ ድፍን ነው። ያ መተንፈሻ የሚያስወጣው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የታመቀውን ሙቀት ነው። ይሄ አይናቅም፣ ኮርኒሱ ራሱ እንዳይግል ይረዳል። እናንተ የተቀመጣችሁበት ክፍል አየር ግን ንቅንቅ አይልም። ክፍሉ የራሱ መውጫ ያስፈልገዋል፤ ልክ ከኮርኒሱ ሥር፣ ግድግዳው ላይ። ኮርኒሱን እበሳለሁ የሚል ካለ፣ ከላይ ያለው ሙቀት መውጫ እንዳለው መጀመሪያ ያረጋግጥ። ወንፊቱንም አይርሳ፣ አይጥ ግብዣ አይጠብቅም።

ኃይሉን አጋንኖ መገመት

አዲስ አበባ ላይ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል ከውጭው በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አየሩን የሚያንቀሳቅሰው ግፊት 1 ፓስካል እንኳ አይሞላም። አንድ ሉክ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ የሚጫነውን ያህል ማለት ነው። አቧራ የደፈነው የትንኝ ወንፊት ወይም ወፍራም መጋረጃ በቀላሉ ያሸንፈዋል። ከፍታውን እጥፍ ብታደርጉትም ፍሰቱ እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው 40 በመቶ ገደማ ነው።

በጠራራ ፀሐይ መክፈት

ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ እኩለ ቀን ውጭው ከቤት ውስጥ ይብሳል። ያኔ ነገሩ ይገለበጣል። የቤቱ ቀዝቃዛ አየር ከታች ይፈስሳል፣ የውጭው ግለት ከላይ ይገባል። እዚያ ቀን ዘግቶ ሌሊት መክፈት ነው የሚያዋጣው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሐራሬ ላይ የተከፈተው፣ አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የነደፈው ኢስትጌት ሕንፃ በዚህ ይታወቃል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ሲያልፍበት ያድራል፣ ኮንክሪቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀን ያንን ቅዝቃዜ ይጠቀማል። የምስጥ ኩይሳ አርአያ ሆኖታል እየተባለ ብዙ ይወራለታል። ቬንትሌተርም እንዳለው ግን የሚናገር ጥቂት ነው። የቀንና የሌሊቱ ሙቀት ካልተራራቀና ግድግዳው ስስ ከሆነ፣ ሌሊት መክፈቱም ብዙ ለውጥ አያመጣም።

የፎቁን ደረጃ እንደ መተላለፊያ ብቻ ማየት

ከታች ክፍት፣ ከላይ ክፍት የሆነ ደረጃ ትልቅ ጭስ ማውጫ ነው። ከውጭው ሞቅ ባለ ሕንፃ ውስጥ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ የተቁላላው ሽንኩርት አራተኛ ፎቅ የሚሸተው ጎረቤት ስለበዛ አይደለም። የታችኞቹ ፎቆች አየር ወደ ደረጃው ይሳባል፣ ከዚያ የላይኞቹ ቤት ይገባል። ሽታ ከሆነ ይታለፋል። እሳት ሲነሣ ግን ጭሱም በዚያው መንገድ ይወጣል፣ ሰውም የሚሸሸው በዚያው ነው። የእሳት መከላከያ በር በድንጋይ ወይም በጄሪካን ተደግፎ ተከፍቶ ሲውል ዝም አትበሉ።

ከሰል አቀጣጥሎ በላይኛው መስኮት መተማመን

ይሄ ገዳይ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር ጋር ክብደቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ከክፍሉ አየር ጋር ይደባለቃል፤ ጣሪያ ሥር ብቻ ተሰብስቦ መስኮት አይጠብቅም። ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀይ ሆኖ አማረ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ለቡና ሲሆን በርና መስኮት ይከፈት። ለማሞቂያ ተብሎ ግን ፍም መኝታ ክፍል አይደር፣ አመድ የለበሰውም ቢሆን።