የሕክምና ምርምር ላቦራቶሪን የዕለት ሥራ መምራት፦ በደሴ ለሚሠሩ ባለሙያዎች

ኃላፊው ጠዋት ከሁሉ አስቀድሞ የማቀዝቀዣዎቹን ሙቀት አይቶ ይመዝግብ፤ ሬጀንት (ለምርመራ የሚያገለግል ኬሚካል) የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊሆን ይገባዋል። መብራት ሲጠፋ የናሙና ማቀዝቀዣ በር አይከፈት።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ በዚህም ምክንያት የአውቶክሌቭ (ዕቃን በእንፋሎት የሚያመክን መሣሪያ) የግፊት መለኪያ ብቻውን አያስተማምንም። እንፋሎቱ 121 ዲግሪ መድረሱን በሙቀት መለኪያው ማረጋገጥ እንደሚገባና የማምከኛው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ መሆኑን ለአዲስ ሠራተኛ አጠገቡ ቆሞ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መመሪያ ለዚህ ይበቃል ብዬ አላምንም።

በናሙና ቱቦ ላይ የሚጻፈው ቀንና ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ። «2፡00» ተብሎ ብቻ የተጻፈውን አንዱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ሌላው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ብሎ ሲያነበው የናሙናው ዕድሜ በ6 ሰዓት ይዛባል።