ሊዱ ሲንሸራተት፣ ሲሰበር፣ አልወጣ ሲል፦ የእንጨት ሜካኒካል እርሳስ ችግርና መፍትሄ

ሱሉልታ ያለችው መሥሪያዬ ጠባብ ናት። አንድ የእንጨት ቶርኖ፣ አንድ ሞርሳ፣ ግድግዳው ሥር የተደረደረ የወይራ፣ የጥድና የዋንዛ ቁርጥራጭ አለ። እዚያ ተቀምጬ እስክሪብቶና ሜካኒካል እርሳስ እሠራለሁ። እስክሪብቶ ብዙ አያስጨንቅም። ቀለሙ ሲያልቅ ሌላ ቀለም ይገባበታል፣ አለቀ። እርሳሱ ግን ሌላ ነው። ሆዱ ውስጥ የሚከፈት፣ የሚዘጋ፣ የሚገፋ ዕቃ አለ፤ ሜካኒዝም የምለው እሱን ነው። እሱ ካስቸገረ የእንጨቱ ውበት ምንም አይረባም።

ባለፈው ጥር ጡረታ የወጡ ቀያሽ ጎረቤቴ የሠራሁላቸውን የወይራ እርሳስ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ መልኩስ ያምራል። ግን ስጽፍበት ወደ ውስጥ ይሸሻል" አሉኝ። "ጋሼ፣ አሁን አየዋለሁ፣ አረፍ ይበሉ" ብዬ ተቀበልኳቸው። ሜካኒዝሙን ግን ከእንጨቱ ጋር በኮላ አጣብቄው ነበር። ብለው ብሠራው አልወጣም። በመጨረሻ ወይራውን መሰንጠቅ ግድ ሆነ። ውስጡን ሳየው የተሰበረ ነገር የለም። የሚጽፈውን ዘንግ የሚይዘው መንጋጋ መሃል የእርሳስ ዱቄት ተጠቅጥቆ ብቻ ነው። ቢወጣ ኖሮ የአምስት ደቂቃ ጽዳት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜካኒዝም ስመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ "ከእንጨቱ ይወጣል ወይ?" የሚል ነው።

መጀመሪያ ሆዱን እንወቅ

የሚጽፈውን ቀጭን ዘንግ ሊድ እለዋለሁ። በብዛት የምናገኘው ከላይ ሲጫኑት ቀጭ የሚለውን ዓይነት ነው። ሊዱ ከኋላ ባለ ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ፊት ላይ ትናንሽ መንጋጋዎች ይይዙታል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። መንጋጋዎቹን አንድ ቀለበት ጨብጦ ይዘጋቸዋል። ስትጫኑ መንጋጋዎቹ ሊዱን ይዘው ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ከቀለበቱ ሲወጡ ይከፈታሉ። ስትለቁ ሞላው ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። ሊዱ ግን አብሮ አይመለስም፤ አፍንጫው፣ ማለትም የፊቱ ሹል ጫፍ፣ ውስጥ ያለች ትንሽ ጎማ ይዛ ታስቀረዋለች። በአንድ ጫና የሚወጣው አንድ ሚሊሜትር አይሞላም።

መንጋጋ፣ ቀለበት፣ ሞላ፣ ጎማ። ችግሩ ከእነዚህ ከአንዱ ነው፣ ካልሆነም እኛ እንጨት ሠሪዎቹ ካደረግነው ነገር ነው። የኋለኛው ከምታስቡት በላይ ይበዛል።

ምልክት፦ ስጽፍ ሊዱ ወደ ውስጥ ይገባል

ዋናው ስሞታ ይሄ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ሊዱን አውጥታችሁ እዩት። አዲስ ሊድ ርዝመቱ 60 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አልቆ አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ሲቀረው መንጋጋዎቹ አይደርሱበትም። ይሄ ብልሽት አይደለም። ጉራጁን ጥላችሁ አዲስ አስገቡ።

ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ማለትም የሊዱን ውፍረት በሚሊሜትር፣ አረጋግጡ። ለ0.7 የተሠራ መንጋጋ 0.5 ሊድ አይጨብጥም። ሱቅ ውስጥ ፓኬቶቹ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ሊዱም ቁጥሩም ትክክል ከሆነ መጫኛውን ተመልከቱ። ለእጅ ሥራ እርሳስ ትልቁ ምክንያት እዚህ ነው። የእንጨቱ አካል አንድ ሚሊሜትር ብቻ ከረዘመ፣ ወይም ከላይ ያለው ቆብ ጥልቀቱ ካነሰ፣ መጫኛው ሁልጊዜ ትንሽ ተጭኖ ይቀመጣል። መጫኛው ተጫነ ማለት መንጋጋው ግማሽ ተከፈተ ማለት ነው። ሊዱ ይወጣል፣ ወረቀት ሲነካ ግን ይሸሻል። ለመለየት ቀላል ነው። ሜካኒዝሙን ከእንጨቱ አውጡና ባዶውን በእጃችሁ ይዛችሁ ጻፉበት። ባዶውን ከሠራ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው። ከእንጨቱ ጫፍ ግማሽ ሚሊሜትር በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ መልሳችሁ ሞክሩ፣ ካልበቃ ድገሙ። በአንድ ጊዜ ብዙ አትቁረጡ። መጫኛው በጣት ሲነካ ትንሽ ነጻ መንቀሳቀሻ ሊኖረው ይገባል።

ባዶውንም ካልሠራ አፍንጫውን አጥብቁ። በብዙ ሜካኒዝሞች ቀለበቱ የሚቆመው አፍንጫው ላይ ተደግፎ ነው። አፍንጫው ከላላ ቀለበቱ በቦታው አይቀመጥም።

አሁንም ካልሆነ ጽዳት ነው። አፍንጫውን ፍቱ፣ ቀለበቷ እንዳትጠፋ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። መጫኛውን ተጭናችሁ መንጋጋዎቹን ክፈቱ። ለስላሳ ብሩሽ በአልኮል ነክራችሁ መሃላቸውን ጥረጉ፣ አድርቁ። ዘይት በጭራሽ አታድርጉ። ዘይት ዱቄቱን ጭቃ ያደርገዋል፣ መንጋጋውም ሊዱን መጨበጥ ያቅተዋል። እንደ 2ቢ ያለ ለስላሳ ሊድ የሚወድ ሰው ከኤችቢ ተጠቃሚ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት አለበት።

ከጽዳት በኋላም የሚንሸራተት ከሆነ መንጋጋው አልቋል። በተለይ ፕላስቲክ መንጋጋ ቶሎ ይላሳል። ይሄ አይጠገንም፣ ይቀየራል።

ምልክት፦ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ምንም አይወጣም

ሊድ መኖሩን አይታችሁ ከሆነ አፍንጫው ውስጥ ስብርባሪ ተቀርቅሯል። አፍንጫውን ፍቱና ከቀጭኑ ጫፍ በኩል ቀጭን ሽቦ ወይም መርፌ አስገብታችሁ ወደ ኋላ ግፉት። በግድ አትግፉ፤ ጎማዋ ከቦታዋ ከወጣች ሌላ ችግር ይመጣል። ጎማዋ የጠፋች እንደሆነ ሊዱ ሲጫኑት ይወጣል፣ ሲለቁት አብሮ ይመለሳል፣ መጫኛውን ተጭናችሁ አፍንጫውን ወደ ታች ስታዞሩት ደግሞ በራሱ ይንሸራተታል። በዚህ ታውቋታላችሁ።

ሌላው ምክንያት መጠቅጠቅ ነው። ቱቦው ውስጥ ስምንት፣ አሥር ሊድ የሚያጭቅ ሰው አለ። እርስ በርስ ይያያዙና አንዱም አይወርድም። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።

አዲስ የሠራችሁት ገና ከመጀመሪያው ካልሠራ ኮላ ገብቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሜካኒዝሙ የሚቀመጥበትን የናስ ቱቦ እንጨት ውስጥ ስናጣብቅ ሱፐር ግሉ በቱቦው አፍ ይገባል። እኔ ቱቦውን ከማጣበቄ በፊት ሁለቱንም አፍ ጥሬ ድንች ላይ እጫናለሁ። ቁራጯ ቱቦው አፍ ላይ እንደ ቡሽ ትቀራለች። ኮላው ሲደርቅ በሽቦ አወጣታለሁ። ድንቹ ቱቦው ውስጥ እንዳያድር ተጠንቀቁ።

ምልክት፦ ሊዱ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል

ሰው መጀመሪያ ሊዱን ይወቅሳል። አንዳንዴ እውነት ነው። ከ1960 ወዲህ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የጃፓኑ ፔንቴል ያመጣው በፖሊመር የተሠራ ሊድ ከድሮው የሸክላ ሊድ በጣም ጠንካራ ነው። 0.5 ያህል የቀጠነ ሊድ ለዕለት ጽሕፈት የበቃውም በዚያ ምክንያት ነው። ፓኬቱ ላይ ይህን የሚል ካገኛችሁ ጥቂት ብር ጨምራችሁ ውሰዱ።

እርሳሱ ከእጅ ወድቆ ከሆነ ሊዱ ቱቦው ውስጥ እያለ ተሰባብሯል። ሁሉንም አራግፋችሁ አዲስ አስገቡ። የአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ከጎበጠ ደግሞ አይቃናም፣ አፍንጫውን ቀይሩ።

እኛ ዘንድ ያለው ጥፋት ግን የቀዳዳው ነው። ቀዳዳው ጠማማ ከሆነ አፍንጫው ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፣ ሊዱም በአንድ ጎን ይታጠፋል። እርሳሱን ጠረጴዛ ላይ እያንከባለላችሁ ጫፉን እዩ። ጫፉ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ቀዳዳው ጠማማ ነው። መፍትሄው ከመነሻው ነው፦ ስለታም ፑንታ፣ ቀስ ብሎ መብሳት፣ በየጊዜው አውጥቶ ፍርፋሪውን ማራገፍ። ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ፑንታው ሲግል ይሸሻል። መብራት ሲዋዥቅ ባትበሱ ይሻላል።

ቁጥር ስትመርጡ ለማን እንደምትሠሩ አስቡ። ለተማሪና ለቢሮ 0.7 እመክራለሁ። እጁ ከባድ ለሆነ ሰው 0.9። ለአናጢ ደግሞ ባለ 2 ሚሊሜትሩ ነው፤ እሱ በትንሽ በትንሹ አይገፋም፣ መንጋጋው ሙሉ ይከፈትና ሊዱ ይወርዳል። 0.5 ደስ ይላል፣ ግን የጠማማ ቀዳዳን ጥፋት ቶሎ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ምልክት፦ ሜካኒዝሙ እንጨቱ ውስጥ ይዞራል፣ ይንቀጫቀጫል

እንጨቱ ተንቀሳቅሷል። ሱሉልታ ላይ ይሄን በደንብ እናውቃለን። በነሐሴ ጭጋግ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ ይኮማተራል። በነሐሴ ልክክ ያለው በጥር ልክ አይሆንም። ናሱ ግን በእርጥበት አያብጥም፣ አይኮማተርም። አንዳንዴ በዚያው ሰበብ እንጨቱ ርዝመቱን ይዞ ይሰነጠቃል።

ለላላው ኮላ አታፍስሱ። ሜካኒዝሙ ላይ አንድ ዙር ቀጭን የወረቀት ፕላስተር ጠቅልሉበት። እንዲህ ከሆነ ሜካኒዝሙ ሲያስፈልግ ከእንጨቱ ይወጣል። ለተሰነጠቀው ግን ብዙ ተስፋ የለም።

ከመሥራታችሁ በፊት እንጨቱን አድርቁ። ከማገዶ ሻጭ የምገዛውን ወይራ መጀመሪያ በቁመቱ ሰንጥቄ፣ ሁለቱን ጫፎች በሻማ ሰም እደፍናለሁ። ከዚያ ጥላ ሥር አስቀምጬ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን እመዝነዋለሁ። ክብደቱ ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ካልቀነሰ ደርቋል እላለሁ። ቱቦውን ከእንጨቱ ለማጣበቅ ሱፐር ግሉ ትቼ ወደ ኢፖክሲ ዞሬያለሁ። የእንጨቱን እንቅስቃሴ ከሱፐር ግሉ የተሻለ ይችለዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ

መርካቶም ሆነ ፒያሳ ሜካኒዝም ለብቻው ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የማደርገው የተሠራ ፕላስቲክ እርሳስ ገዝቶ ሆዱን ማውጣት ነው። የፔንቴል ፒ 205 ለዚህ ጥሩ ነው፤ ወንድሞቹ ፒ 207 እና ፒ 209 ለ0.7 እና ለ0.9 ናቸው። ከውጭ ሰው የሚመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ የጀርመኑ ሽሚት ዲኤስኤም 2006 ለብቻው የሚሸጥ ሜካኒዝም ነው።

ሲጠመዘዝ ሊዱን በጥርስ የሚገፋው ዓይነትም አለ። ያው አሮጌ ሐሳብ ነው፤ ቶኩጂ ሃያካዋ በ1915 ጃፓን ውስጥ የሠራውና በኋላ ለሻርፕ ኩባንያ ስም የሆነው እርሳስም የሚጠመዘዝ ነበር። ያምራል። ነገር ግን ኮላ ወይም የእንጨት ዱቄት ትንሽ ከነካው ይቆማል፣ ስለዚህ ለጀማሪ አልመክረውም።

ሻጩን አስፈቅዳችሁ አፍንጫውን ፍቱ። መንጋጋው ቢጫ ናስ ነው ወይስ ፕላስቲክ? ናስ ካልሆነ መልሱት። ሃያ ጊዜ ተጫኑ፤ ሊዱ በእኩል መጠን መውጣት አለበት። ከዚያ ሊዱን ትንሽ አውጥታችሁ ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። ከገባ አትግዙ። አፍንጫው የሚጠብቀው በምን ላይ እንደሆነም እዩ። የአንዳንዱ ፊሌቶ (የሚጠብቅበት የብሎን ጥርስ) ያለው ፕላስቲክ አካሉ ላይ ነው። እሱን ክፍል በቀጭን መጋዝ ቆርጣችሁ እንጨቱ ውስጥ በኢፖክሲ ትተክሉታላችሁ። ኮላው የሚነካው እሱን ብቻ ነው፣ ሜካኒዝሙ ነጻ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ዓይነት ከተስማማችሁ አምስት ግዙ። በካሊፐር አምስቱንም ለኩ፤ ትንሽ ሊለያዩ ይችላሉ። ቀዳዳውን ለወፍራሙ ልክ ብሱ። በሚቀጥለው ወር ሱቁ ውስጥ ያው ዕቃ ላይኖር ስለሚችል ሁለቱን ለመለዋወጫ አስቀምጡ።

ለጋሼ አዲሱን የሠራሁት ከጥድ ነው፣ 0.9። ስሰጣቸው አፍንጫውን እንዴት እንደሚፈቱ አሳየኋቸው። ባለፈው እሑድ በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው። ቀለበቷን ነጭ መሐረብ ላይ አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ መንጋጋውን በብሩሽ እየጠረጉ ነበር።