ከሥራ ሲለቁ የመጨረሻ ሂሳብን የሚያስቀሩ ስህተቶች

ደሴ ላይ ለሠራተኞች የክስ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ከሚመጡልኝ ባለጉዳዮች ብዙዎቹ ሥራ ለቀው ሂሳባቸውን ያላገኙ ናቸው። ያበላሹትም ያው በተመሳሳይ ስህተቶች ነው።

በትዕግሥት መጠበቅ። ይህ ያናድደኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል ሲቋረጥ ደመወዝና ከደመወዝ ጋር የተያያዘ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ግን «አብሽሪ፣ ገንዘብሽ የትም አይሄድም» ይላል። ይሄዳል እንጂ! ከውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ በስምንተኛው ወር መጣችብኝ። የቅጥር ውሏ፣ የደመወዝ ወረቀቷ፣ የስንብት ደብዳቤዋ በላስቲክ ተጠቅልሎ አንድም አልጎደለም። «ምነው ዘገየሽ?» ብላት፣ «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ጨዋ ናቸው፤ በሄድኩ ቁጥር ሻይ ያዝዙልኛል» አለችኝ። ይርጋን የሚያቋርጠው ሻይ አይደለም። ወይ ክስ ወይም ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የቀረበ አቤቱታ ነው፣ ወይ አሠሪው ዕዳውን አምኖ በጽሑፍ የሰጠው ቃል ነው። ቀጠሮ ሲሰጧችሁ «ይህንኑ በደብዳቤ አድርጉልኝ» በሉ። ጨዋ ከሆኑ ይጽፋሉ።

ንብረት ሳያስረክቡ ክፍያ መጠየቅ። የደንብ ልብሱና መሣሪያው ቤት ተቀምጦ «ከለከሉኝ» አይባልም። ርክክቡ በሠራተኛው ጥፋት ከዘገየ 7ቱ ቀን ሊራዘም ይችላል። ስታስረክቡ የተረካቢው ፊርማ ያለበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር።

«ሙሉውን ካልሆነ አልነካም» ማለት። ክርክር ቢኖርም አሠሪው ያልካደውን ያህል በዚያው ጊዜ መክፈል ግዴታው ነው፤ ተቀበሉ። ነገር ግን በፊርማችሁ አናት ላይ «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም» የሚል መስመር ተሰንቅሮ እንደሆነ አንብቡ። የሂሳብ ክፍል ሰው «ዝም ብለሽ ፈርሚ፣ ሰልፍ አለ» ሲል በተለይ አንብቡ።

ሳያስጠነቅቁ መጥፋት። ሌላ ፋብሪካ ትንሽ ጨምሮ ሲጠራ ሰኞ ቀርቶ ማክሰኞ እዚያ መታየት የተለመደ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ካልሰጠ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ከቀሪ ክፍያው ሊወሰድበት ይችላል። በአንጻሩ «ሳታስጠነቅቅ ስለወጣህ ምንም የለህም» የሚላችሁ አሠሪም ተሳስቷል፤ የሠራችሁበት ደመወዝ አይሰረዝም።

ደመወዙን ብቻ መጠየቅ። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ይከፈላል። ክፍያው ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ደግሞ ፍርድ ቤት ለዘገየበት ጊዜ እስከ 3 ወር ደመወዝ እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል፤ በማመልከቻው ላይ ይጠየቅ።

የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ የሚሰጥ ነው። አሠሪው መደራደሪያ እንዲያደርገው አትፍቀዱ።

ይህ ሁሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ እነሱ የሚተዳደሩበት ሌላ ሕግ ነው። የቀራችሁ ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ ጸሐፊ ስትመጡ፣ ውሉ የተቋረጠበትን ቀን የሚያሳየውን ወረቀት ከሁሉ በፊት አውጡ።